ከፋሲካ በግ የተረፈውን ስብ ለአትክልት እንዴት ልጠቀምበት?

ጠያቂ፦ የሳቢያን እናት

ጤና ይስጥልኝ፤ በዓሉን ላከበራችሁ ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ዘንድሮ ለፋሲካ ያረድነው ጥቁር ራስ የሱማሌ በግ ነበር። የእኛን አካባቢ በግ የሚያውቅ ሰው እንደሚገምተው፣ ይህ በግ ስቡን የሚያከማቸው ከበስተኋላው፣ በዳሌውና በጭራው ሥር ስለሆነ፣ ሥጋው ተበልቶ ካለቀ በኋላም አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ላትና ከሆድ ዕቃው የወጣ ሞራ ተርፎኛል፤ ሁለቱንም ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ከዚህ ሌላ በበዓሉ ሰሞን ጥብስ ከጠበስኩበት መጥበሻ የተረፈውን ስብ በአንድ ብርጭቆ ገልብጬ ቁም ሳጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ይህን ሁሉ ስብ መጣል ከብዶኛል። እናቴ በሕይወት ሳለች ከታረደ በግ የሚጣል ነገር አልነበረም፤ ሞራውን በሸክላ ድስት አቅልጣ ታስቀምጥና ለጎመንም ለድንችም ታደርገው እንደነበር አስታውሳለሁ። አዘገጃጀቱን ግን በጊዜው ልብ ብዬ አላየሁም፤ ዛሬ ልጠይቃት ብፈልግ የለችም። አሁን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ስለዚህ ከቀፊራ ገበያ በየሳምንቱ የምገዛውን አትክልት በዘይት ፋንታ በዚህ ስብ ብሠራው ብዬ አሰብኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ድንች ከትፌ ከብርጭቆው ስብ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሬ ሠራሁት። ገና ሽንኩርቱ ሲቁላላ የበጉ ጠረን ቤቱን ሞላው፤ ምግቡ ሲቀመስም መረር ይላል። ገበታ ላይ ጥቂት እንደቆየ ደግሞ ነጭ ስብ በጎመኑ ላይ ረጋ፤ ሲበሉት ላንቃቸው ላይ እየተለጠፈ ልጆቹ ሳይጨርሱት ተነሡ።

ስለዚህ ላቱንና ሞራውን ያለ ጠረን ማቅለጥ የሚቻለው እንዴት እንደሆነ፣ ከጥብስ የተረፈው ስብ ለሌላ ምግብ ይሆን እንደሆነ፣ የትኛው አትክልት ከስብ ጋር እንደሚስማማ፣ በድሬዳዋ ሙቀትም ምን ያህል ጊዜ ሳይበላሽ እንደሚቆይ ብታስረዱኝ እወዳለሁ። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ደግሞ አለ። ባለቤቴ ሲመረመር ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ቅባት እንዲቀንስ ተነግሮታል። ይህ ስብ ከንጥር ቅቤና ከምንገዛው የፓልም ዘይት የባሰ ነው ወይስ ያው ነው? የሚያውቅ ሰው በጥሞና እንዲመልስልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

መልስ፦ ከጀጎል

እህቴ፣ እንኳን አደረሰዎት። እኔ ሐረር ጀጎል ውስጥ ተወልጄ ያደግሁና ከ20 ዓመት በላይ ምግብ እያበሰልኩ ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ። በቤታችን ስብ እንደ ቅቤ የሚከበር ነገር ስለነበር ጥያቄዎን ሳነብ ደስ አለኝ። ቅዳሜ ዕለት የገጠመዎት ችግር የስቡ ጥፋት አይመስለኝም፤ ላት፣ ሞራና ከመጥበሻ የተረፈ ስብ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ እንደ አንድ ስለታዩ የመጣ ነው።

ላት ለስላሳ ነው፤ በቀላሉ ይቀልጣል፣ ሲረጋም እንደ ቅቤ ነው። ሞራ ግን ጠጣር ነው፤ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ እንደ ሻማ ይደርቃል። ስለዚህ ለአትክልት የምመርጠው ላቱን ነው፤ ሞራውን ለብቻው አቅልጬ፣ ድንች በጣም በጋለ ስብ መጥበስ ስፈልግ ብቻ አወጣዋለሁ። ሁለቱን በአንድ ድስት አታቅልጧቸው፤ ላቱ ቀድሞ ቀልጦ ሞራው ገና ሳይጀምር ማረር ይጀምራል።

አቀላለጡ እንዲህ ነው። ከፍሪጅ እንደወጣ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ፣ በስቡ ላይ የቀረውን ቀይ ሥጋና ደም ያለበትን ስስ ሽፋን ሁሉ በቢላዋ አስወግዱ፤ የሚያርረውና ጠረን የሚያመጣው አንዱ እሱ ነውና። ከዚያ ስቡን ሽምብራ አከል አድርጋችሁ ክተፉት። ትልልቅ ቁራጭ ከሆነ ውጪው ሲጠበስ ውስጡ ሳይቀልጥ ይቀራል። ለአንድ ኪሎ ስብ አንድ የሻይ ብርጭቆ ውኃ ጨምሩና ወፍራም መቀመጫ ባለው ድስት በለሰለሰ እሳት ላይ ጣዱት። ውኃው የሚጨመረው ስቡ የራሱን ቅባት እስኪያወጣ ድረስ ድስቱን እንዳይዝ ነው። ቅቤ አንጥራችሁ የምታውቁ ሰዎች እዚህ ላይ አትቸገሩም፤ ጆሯችሁን ስጡት። በስቡ ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ ድስቱ ይንጣጣል፤ ውኃው ተንኖ ሲያልቅ ድምፁ ይረግባል፣ አረፋው ይቀንሳል፣ ቅባቱም ጥርት ብሎ የድስቱ መቀመጫ ይታያል። የስቡ ቁርጥራጭ የንብ ሰም መልክ ሲይዝ ድስቱን አውርዱት። ቡኒ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ቅባቱን ለጥብስ እንጂ ለአትክልት አያገኘውም።

ጠረኑን ለመቀነስ፣ ቅባቱ መውጣት ከጀመረ በኋላ፣ የተወቀጠ ዝንጅብል፣ ሁለት ሦስት ፍሬ የተፈነከተ ኮረሪማና ጥቂት ኮሰረት እጨምርበታለሁ፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። በርበሬ በፍጹም አይግባ፤ ያርርና ያመርረዋል። ሲጠለል በደረቅ የጠርሙስ ማሰሮ ይቀመጥ፤ ማሰሮው ውስጥ የውኃ ጠብታ ካለ ስቡ ከሥር መበላሸት ይጀምራል። እኔ ለመዓዛ ብዬ ሁለት ፍሬ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ማሰሮው ውስጥ እተዋለሁ።

ከጥብስ የተረፈውን ስብ በተመለከተ፣ መራራነቱ የመጣው በውስጡ ከቀረው ያረረ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የሥጋ ፍርፋሪ ነው። እንዲህ ያለውን ስብ ጥብሱ ተጠብሶ እንዳለቀ ወዲያው ማጠብ ይቻላል፤ እጥፍ በሚሆን የፈላ ውኃ ላይ ገልብጣችሁ አማስሉና እስኪቀዘቅዝ ተዉት፤ ስቡ ከላይ እንደ ቂጣ ረግቶ ይሰበሰባል፣ ያረረው ሁሉ ከሥር ይዘቅጣል። ያንን የረጋ ስብ አንሥታችሁ ከሥሩ የተጣበቀውን ቡኒ ነገር በቢላዋ ጀርባ ፍቃችሁ ትጥሉና፣ ንጹሑን እንደገና አቅልጣችሁ ውኃው እስኪያልቅ ድረስ በእሳት ላይ ታቆዩታላችሁ። ይህን ሁሉ ለአንድ ብርጭቆ ስብ መድከም ይገባል ወይ ብትሉኝ፣ በበዓል ሰሞን አዎ እላለሁ፤ በሌላ ጊዜ ግን በዚያው ቀን ለእንቁላል ወይም ለድንች አድርጋችሁ ብትጨርሱት ይሻላል።

አሁን ወደ አትክልቱ ልምጣ። ከሁሉ በላይ ስብ የሚወደው ድንች ነው። ልጣችሁ፣ በትልቁ ከትፋችሁ፣ ጨው ባለበት ውኃ ጠርዙ እስኪለሰልስ ቀቅሉት። ሐረር ላይ ይህ ከድሬዳዋ ይልቅ ጥቂት ደቂቃ የበለጠ ይወስዳል፤ ከተማችን ከፍ ያለች ስለሆነች ውኃው ቶሎ ይፈላል እንጂ እንደ ቆላው ውኃ አይግልም። ውኃውን አጥልሉ፣ ክዳን ሳትከድኑ እንፋሎቱ እስኪወጣ ድረስ ተዉት፣ ከዚያ በጋለ ስብ ላይ ሳታጨናንቁ አድርጋችሁ አንዱ ጎን ወርቅማ ሳይሆን አታገላብጡት። እርጥብ ድንች በጋለ ስብ ውስጥ የገባ እንደሆነ ስቡ ይፈናጠራል፤ እኔ በዚህ ምክንያት ክንዴ ላይ የተቃጠልኩበት ምልክት እስከ ዛሬ አለኝ።

ሁለተኛው ዱባ ነው፤ ጣፋጭነቱ ከላት ጋር ሲገናኝ ሌላ ምግብ ይሆናል፣ ቅመሙም ከጥቁር አዝሙድና ከጥቂት ቁንዶ በርበሬ ማለፍ የለበትም። አበሻ ጎመን በስብ እንደሚያምር ጎመን በሥጋ የበላ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀቅላችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ አድቅቃችሁ ክተፉና ስቡን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ጥቅል ጎመን ግን ብዙ ውኃ ያወጣል፤ ስቡ ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ ሲቀዘቅዝ ከላይ የሚረጋው ለዚህ ነው። ለእሱ አንድ እጅ ላት ከሁለት እጅ ዘይት ጋር ቀላቅሉ። ሽንኩርቱንም በደረቁ አቁላሉት፤ ስቡን ከመጀመሪያው ስትጨምሩት እሳቱ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ጠረኑ ይጎላል። ቆስጣና ቲማቲም በስብ ሲሠሩ አልወድም፤ ቲማቲሙ ኮምጣጣ ሆኖ የስቡን ጠረን ያወጣዋል፣ ቆስጣው ደግሞ ይዝላል።

እዚህ ሐረር ጊዲር መጋላ የግመል ሥጋ ስለሚሸጥ፣ የግመል ሻኛ ስብ ያገኘ ሰውም በዚሁ መንገድ ሊያቀልጠው ይችላል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ድንች በእሱ የተጠበሰ ነበር፤ ለእኔ ከበግ ላት ይልቅ ጠረኑ የቀለለ ነው።

መልስ፦ የምግብ ሳይንስ መምህር

ጠያቂዋም መላሿም እህቶቼ ስለ ዝርዝር አቀራረባችሁ አመሰግናለሁ። እኔ የማስተምረው የምግብ ሳይንስ ስለሆነ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ጥቂት ልጨምርና አንድ ነገር ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ልስጥ።

ማስጠንቀቂያውን ላስቀድም። እህቴ ከጀጎል የጻፉት ሁሉ ትክክልና የልምድ ፍሬ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱን ማሰሮው ውስጥ መተው ግን እባክዎ ይቅር። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚመጣ ስለሆነ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያስከትለውን ባክቴሪያ ዘር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያ ዘር በተራ ማፍላት አይሞትም፤ አየር በሌለበት፣ እርጥበት ባለበትና አሲድ በሌለበት ቦታ ሲያድግ መርዝ ያመነጫል። በስብ ውስጥ የተዘፈቀ ነጭ ሽንኩርት እነዚህን ሦስቱንም አሟልቶ ይሰጠዋል። መርዙ ጠረንም ጣዕምም ስለሌለው ቀምሶ መለየት አይቻልም። የሚያጋጥመው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሲያጋጥም ግን ነርቭን ያሽመደምዳል፣ ይገድላልም። ነጭ ሽንኩርቱ አብሮ ቢቀልጥና ተጠልሎ ቢወጣ መዓዛው ይቀራል፣ አደጋው ይወገዳል። ዝንጅብሉም ኮሰረቱም እንዲሁ ተጠልለው ይውጡ።

የስቡን መርጋት በተመለከተ፣ የበግ ስብ የሚቀልጠው ከ44 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የሰው አፍ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ የበግ ስብ ያለበት ምግብ ቀዝቅዞ ሲበላ ስቡ አፍ ውስጥ አይቀልጥም፤ ላንቃ ላይ የሚለጠፈው ስለዚህ ነው። ቅቤ ግን ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ ይህ ችግር የለበትም። ላት ከሞራ ይልቅ ለስላሳ የሆነበት ምክንያትም አለው። የእንስሳ ስብ ከሰውነቱ መሐል እየራቀ በሄደ ቁጥር የሚኖርበት ቦታ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ፣ እዚያ የሚከማቸው በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጠው ዓይነት ነው፤ በኩላሊትና በአንጀት ዙሪያ ያለው ግን ጠጣሩ ነው። ስለዚህ እህቴ ላቱን ለአትክልት መምረጣቸውም፣ ከዘይት ጋር መቀላቀላቸውም ተገቢ ነው፤ ምግቡም በጋለ ሳህን ትኩስ እንዳለ ይቅረብ።

የበግ ጠረን የሚባለው በአብዛኛው የሚገኘው በሥጋው ሳይሆን በስቡ ውስጥ ነው፤ ቅርንጫፍ ያላቸው አንዳንድ ፋቲ አሲዶች ያመጡታል፣ እነዚህም በዕድሜ በገፋ፣ ባልተኮላሸ አውራ በግ ላይ ይበረታሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ስቡን ለምግብ ለመጠቀም ካሰባችሁ፣ ጠቦት ወይም ሙክት መምረጥ ከማንኛውም ቅመም ይበልጣል።

ስለ አቀማመጥ። ስብን የሚያበላሹት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው አየርና ብርሃን ቀስ በቀስ የሚያደርሱበት ለውጥ ነው፤ ስቡ እንደ አሮጌ ቀለም ይሸታል፣ ጉሮሮም ይከረክራል። ሁለተኛው ባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያ በንጹሕ ስብ ውስጥ ማደግ አይችልም፣ ውኃና የሥጋ ጭማቂ ይፈልጋል። ስለዚህ በደንብ ቀልጦ፣ ውኃው አልቆ የተጠለለ ስብ በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ወር ያህል ያለ ስጋት ይቀመጣል፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከዚያም በላይ። ከጥብስ የተረፈው ግን የሥጋ ጭማቂ ስላለበት እንደ ሥጋ ነው የሚቆጠረው፤ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ቀን፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ከእሳት እንደወረደ ውጭ መቆየት የሚችለው ሁለት ሰዓት ነው፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቀን ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ከዚህ በላይ እንደምትሞቅ ለእናንተ አልነግራችሁም። እህቴ የሳቢያን እናት፣ ብርጭቆው ቁም ሳጥን ውስጥ እንደነበረ ጽፈዋል፤ ስለዚህ ታጥቦም ቢሆን ያ ስብ ይወገድ። የተበላሸን ነገር መልሶ ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ አንዳንዶቹ ቀድመው ያመነጩትን መርዝ አያጠፋም። ሲያስወግዱትም በመታጠቢያው ቱቦ አያፍስሱት፤ እዚያ ረግቶ ይዘጋዋል።

ወደ ባለቤትዎ ጉዳይ ስመጣ፣ ሐኪማቸው የነገራቸውን እኔ አልሽርም። ማወቅ የሚጠቅመውን ግን ልንገርዎ። በደም ውስጥ ያለውን ጎጂ ኮሌስትሮል በብዛት ከፍ የሚያደርገው ሳቹሬትድ የሚባለው የስብ ዓይነት ነው። ከቅቤ ቅባት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ሳቹሬትድ ነው፤ የበግና የበሬ ስብ ግማሽ ያህሉ፣ የፓልም ዘይትም እንዲሁ ግማሽ ያህሉ ነው። የዶሮ ስብ 30 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ የሱፍ ዘይት ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ስቡ ከንጥር ቅቤ የባሰ አይደለም፤ ከፓልም ዘይት ጋርም ተቀራራቢ ነው፣ ይሁን እንጂ የፓልም ዘይት እንደማንኛውም የዕፅዋት ዘይት ኮሌስትሮል የለበትም። ከሱፍና ከኑግ ዘይት ጋር ሲነጻጸር ግን ሁሉም የባሱ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከሳቹሬትድ ስብ የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 22 ግራም ያህል ነው። ለአራት ሰው በተሠራ ጎመን ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበግ ስብ ቢገባ፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሳቹሬትድ ስብ ሦስት ግራም አካባቢ ነው። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያው ማዕድ ላይ ክትፎ ወይም በቅቤ የተሠራ ወጥ ካለ ድምሩ ይከብዳል። እኔ ብሆን ለባለቤትዎ የሚሆነውን በሱፍ ዘይት ለብቻው አወጣለሁ።

በመጨረሻም፣ አትክልትን ያለ ምንም ቅባት መብላት ጥሩ እንዳልሆነ አስታውሳለሁ። በካሮት፣ በዱባና በጎመን ውስጥ ያለው ካሮቲን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ሲሆን፣ ወደ ሰውነት የሚገባው ቅባት ሲኖር ነው። ለዚያ ግን የሚበቃው በአንድ ማዕድ ከሦስት እስከ አምስት ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ከሐረማያ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ካሮት በስብ መዋኘት አያስፈልገውም።

መልስ፦ የገንደ ቆሬ ልጅ

ስለ አሠራሩ ከተባለው የምጨምረው የለኝም፤ ያልተነሣ አንድ ነገር ስላለ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛ በአንድ ግቢ ክርስቲያንና ሙስሊም ሆነን ሳህን እየተላላክን ያደግን ሰዎች ነን። ሁላችንም እንደምናውቀው ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም፤ በበዓል ጊዜ ግን ጎረቤት እንዳይቀርበት ብለን አትክልቱን፣ ሰላጣውንና ዳቦውን እንላላካለን። አትክልት የሚላከው ማንም ያለ ጥርጣሬ ስለሚበላው ነው። በስብ የተሠራ ጎመን ደግሞ ሲያዩት ጎመን ነው፤ ሥጋው አይታይም።

ልጅ ሳለሁ አንድ የፋሲካ ማግሥት እናቴ በላት የተጠበሰ ድንች ሠርታ ነበር። እኔ ማንም ሳያዘኝ በሳህን አድርጌ እንደ ሁለተኛ እናት ላሳደጉኝ ሙስሊም ጎረቤታችን ልወስድ ወጣሁ። እናቴ በር ላይ ደርሳ ሳህኑን ከእጄ ስትቀበለኝ ፊቷ ላይ የነበረው ድንጋጤ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። «ይህ ሥጋ ነው» አለችኝ። ከዚያ በዘይት የተሠራ ሌላ ድንች እስኪደርስ አስጠብቃ በሌላ ሳህን ላከችኝ። እኚያ እናት ያን ቀን ሳያውቁ ቢበሉት ኖሮ ጥፋቱ የእኛ ይሆን ነበር፤ የሚያምኑን ሰዎች ነበሩና።

ስለዚህ እህቴ፣ በስብ የተሠራው አትክልት ከቤት ከመውጣቱ በፊት ይነገር። እንግዳ ሲመጣም አስቀድሞ «በበግ ስብ የተሠራ ነው» ማለት ነውር የለበትም። የስቡንም ማሰሮ ከዘይቱ ለይታችሁ ምልክት አድርጉበት። ደግሞም ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ስለሚገባ፣ ስብ የተሠራበት ድስትና የእንጨት ማማሰያ ከጾም ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል አሁኑኑ ይለይ። ብረት ድስት በሙቅ ውኃና በሳሙና ይለቃል፤ የሸክላ ድስትና የእንጨት ማማሰያ ግን ስቡን ስለሚጠጡ ታጥበው እንኳ አይለቁም።

ጠያቂ፦ የሳቢያን እናት

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የብርጭቆውን ስብ በላስቲክ ቋጥሬ ጣልኩት፤ አሳዝኖኛል፣ ነገር ግን ልጆች ባሉበት ቤት የሚያጠራጥር ነገር አላቆይም። ትናንት ላቱን እንደተባለው ከትፌ አቀለጥኩት። ድምፁ ሲረግብ ሰማሁት፤ ቅቤ ሳነጥር ስንት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ሆኖ ሳለ በስብ ላይ እንደሚሠራ አስቤው አላውቅም ነበር። ከአንድ ኪሎ ጥቂት ከሚያንስ ላት ሁለት ብርጭቆ ተኩል ጥርት ያለ ቅባት ወጣልኝ፤ ሲረጋ ነጭ ሆኗል፣ ጠረኑም ከቅዳሜው ጋር አይመሳሰልም።

ለምሳ ድንቹን ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ በአራት ማንኪያ ላት ጠበስኩት። ዱባውን በጥቁር አዝሙድ ሠራሁት። ለባለቤቴ የእሱን ድርሻ በሱፍ ዘይት ለብቻ አወጣሁለት፤ ቅር ብሎት ነበር፣ መምህሩ የጻፉትን ቁጥር ሳነብለት ግን ተቀበለ። ልጆቹ ድንቹን ጨርሰው ዱባውን አጋመሱት፤ ዱባ በልተው የማያውቁ ልጆች ናቸው።

ስለ ጎረቤት የተነገረኝን በተመለከተ፣ እውነት ለመናገር አላሰብኩበትም ነበር። ቅዳሜ የሠራሁት ጎመን ጥሩ ሆኖ ቢሆን ኖሮ፣ ግድግዳ ለምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ሳህን መላኬ አይቀርም ነበር። ዛሬ ማሰሮው ላይ «የበግ ስብ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጥፌያለሁ፤ ድስቱንም ለይቻለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ሞራው ነው፤ አቅልጬ ላስቀምጠው ወይስ ከጾሙ በፊት ስለማልጨርሰው ለሰው ልስጠው?

መልስ፦ ከጀጎል

እህቴ፣ በመስማቴ ደስ ብሎኛል። መምህሩ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ ያሉትን አንብቤ ማሰሮዬን ዛሬ ጠዋት ባዶ አድርጌዋለሁ፤ ስንት ዓመት ያደረግሁትን ነገር ስህተት ነው ሲሉኝ ምክንያቱንም ስላስረዱኝ አመሰግናቸዋለሁ፤ ለሴት ልጄም ነግሬያታለሁ።

ሞራውን በዚህ ሳምንት ያቅልጡት፤ ጥሬ ሞራ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከሥጋ የተሻለ አይቆይም። ሲጠለል በሰፊ ሳህን ላይ አንድ ጣት ውፍረት እስኪሆን ያፍስሱትና ሲረጋ በቢላዋ እንደ ሳሙና ቆራርጠው፣ እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልለው በረዶ ቤት ያስገቡት። አንዱ ቁራጭ ለአንድ መጥበሻ ድንች ይበቃል፤ ጾሙ ሲገባ የቀረውን በዚያው ይተዉት። እዚህ ግን መብራት ብዙ ሰዓት ከጠፋ መፈተሽ አይርሱ፤ ሲያወጡት ከጠጠረና ጠረኑ ካልተለወጠ ጾሙ ሲፈታ ለድንቹ ይደርሳል።